የኢሜይሉን መውጫ አትደብቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አነስተኛ ነጋዴዎች በኢሜይል እንዴት ገበያ ማግኘት እንደሚችሉ በንግድ ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ብዙው ደህና ነው። ወጪው ትንሽ ነው መባሉ እውነት ነው። የቆየ ደንበኛ ከአዲስ ደንበኛ ይሻላል መባሉም እውነት ነው። አንድ ምክሩ ግን አልተዋጠልኝም። የቻላችሁትን ያህል አድራሻ ሰብስቡ፣ ለሁሉም ላኩ፣ የማይፈልግ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል ይላል። የማይፈልግ ሰው ዝም ብሎ አያልፈውም። ለዚህ ነው፣ ደግሞም የሰለቸው ሰው ከዝርዝር ስለሚወጣበት መንገድ ምንም ስላላላችሁ ነው የምጽፍላችሁ።

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ቤት አለኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ፎርም መሙላት ነው ሥራዬ። ከጊዜ በኋላ ለአንዳንድ ደንበኞቼ የኢሜይል ደብዳቤ እያዘጋጀሁ መላክ ጀመርኩ። አንዷ ሳቢያን ሰፈር ሆና በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ውጭ ላለው አበሻ ትልካለች። አንዱ ሐረር ጁገል ውስጥ፣ በጥንት የሐረሪ ቤት፣ የእንግዳ ማረፊያ ከፍቷል። ስፌት የሚሰፉ እናቶችም አሉኝ።

ድሬ ላይ ኢሜይል ማን ያነባል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ለከተማው ሰው ቴሌግራም ይበቃዋል። ካልሆነም ይደውላል፤ ወይም በባጃጅ ብቅ ይላል። ኢሜይል የሚያስፈልገው ለሌላው ነው። ቶሮንቶ ላለች የአክስት ልጅ፣ ሐረርን አይቶ አገሩ ለተመለሰ ቱሪስት፣ ፕሮፎርማ ለሚጠይቅ ድርጅት። እነዚህ ሰዎች ሩቅ ናቸው ወይ ሥራ ላይ ናቸው። ሲሰለቹህ ሱቅህ ድረስ መጥተው «አቦ ተወን!» አይሉህም። ስልካቸው ላይ «ስፓም» (አይፈለጌ መልዕክት) የሚለውን ነካ አድርገው ይቀጥላሉ። አንተ ምንም አልሰማህም። ጎግል ግን ሰምቷል።

(ድሬ ስለሆንኩ «አንተ» እያልኩ ልቀጥል። እዚህ ሽማግሌውንም ሹሙንም አንተ ነው የምንለው። ንቀት እንዳይመስላችሁ።)

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ደብዳቤህ የገቢ ሳጥናቸው ውስጥ ከደረሳቸው የጂሜይል ተጠቃሚዎች መካከል ስንቱ «ይህ ስፓም ነው» እንዳለ ጎግል በየቀኑ ያሰላል። ጎግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላኪዎች ላይ ደንቡን አጥብቀዋል። ቅሬታው 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይላሉ። ጎግል እንዲያውም ከ0.1 በመቶ በታች ቢሆን ብሎ ይመክራል። ወደ ሰው ስንመልሰው 0.3 በመቶ ከ1,000 ሰው 3 ነው። የሚመከረው 0.1 በመቶ ደግሞ 1 ሰው ነው።

«እሱ በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልክ ነው፤ እኔ ማን ሆኜ?» የሚለኝ አይጠፋም። ከደንቡ ውስጥ እውነትም ለትልልቆቹ ብቻ የተጻፈ አለ። የቅሬታው ጣሪያ ግን በጎግል ዝርዝር ላይ ለሁሉም ላኪ የተቀመጠ ነው። ደግሞ ሒሳቡን አስቡት። 300 አድራሻ ያለው ሰው አንድ ሰው ብቻ ስፓም ብሎ ቢጫንበት 0.33 በመቶ ሆነ። ጎግል በአንድ ቅሬታ በሩን ይዘጋል ማለቴ አይደለም። ግን ትልቁ ድርጅት የሚሸከመውን ትንሹ አይሸከምም። በዚያ ላይ ሁኔታውን ማየት የሚቻልበት የጎግል ፖስትማስተር ቱልስ የሚባል ነገር አለ፤ ጥቂት ለሚልክ ሰው ባዶ ገጽ ነው የሚያሳየው። ማን እንደተጫነብህም ጎግል አይነግርህም። ያሁ ለተመዘገቡ ላኪዎች ሪፖርት ይልካል፤ ጎግል ግን ስም አያወጣም።

ጉዳቱ ማስታወቂያው ስፓም ውስጥ ገብቶ አለመነበቡ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩም ነበር።

አንድ የማውቀው ሰው ለድርጅቶች ቲሸርትና ባነር ያትማል። በፍላሽ የተሸጠለት የአድራሻ ዝርዝር ነበረው። በየሳምንቱ ለዚያ ሁሉ ሰው ማስታወቂያ ሲልክ ከረመ። ከዚያ አንድ የእርዳታ ድርጅት ፕሮፎርማ ጠየቀው። ላከ። መልስ የለም። ዋጋዬ በዝቶባቸው ነው ብሎ ተወው። ቀኑ ካለፈ በኋላ የግዥ ሠራተኛዋን መንገድ ላይ አገኛት። «አንተ! ምነው ሳትልክ ቀረህ?» አለችው። «ልኬያለሁ እንጂ!» ተካካዱ። ስልኳን አውጥታ ስታይ ፕሮፎርማው ስፓም ውስጥ ተኝቷል። ማስታወቂያውንም ፕሮፎርማውንም የሚልከው ከአንድ አድራሻ ነበር። ማስታወቂያህ ሲጠላ ደረሰኝህም አብሮ ይጠላል። ይህንን የሚያስብ ነጋዴ አላየሁም።

ስለ ፍላሹ ብዙ አልልም። እንዲህ ያለ ዝርዝር ላይ ግማሹ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ አድራሻ ነው፤ ደብዳቤው ተመላሽ ይሆናል። ጥቂቱ ደግሞ ወጥመድ ነው። ስፓም የሚከታተሉ ድርጅቶች ማንም የማይጠቀምባቸውን አድራሻዎች ሆን ብለው ክፍት ይተዋሉ። ወደዚያ ከላክህ ፈቃድ ጠይቀህ እንዳልሆነ ታወቀብህ፤ ከአድራሻው ኋላ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው የለማ።

አከራካሪው የእንግዳ መዝገብ ነው። የጁገሉ ደንበኛዬ መጀመሪያ ይዞልኝ የመጣው እሱን ነበር። ወፍራም መዝገብ፣ የዓመታት እንግዳ በሙሉ። ስም፣ ፓስፖርት ቁጥር፣ ኢሜይል። «ይኸው፣ ሁሉም እኔ ጋ ያደሩ ናቸው፤ ያውቁኛል» አለኝ። ያውቁታል። ግን ኢሜይላቸውን የጻፉት አልጋ ሊይዙ ነው እንጂ ማስታወቂያ ሊቀበሉ አይደለም። ስንነታረክ ቆየን። በመጨረሻ ሌላ ወረቀት አዘጋጀን። እንግዳው ቁርስ ላይ ቡናውን እየጠጣ የሚያየው ትንሽ ወረቀት ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ስለ ሐረር ዜና ብንልክልዎ ይወዳሉ ወይ ይላል። ባዶ ሳጥን አለው። ምልክቱን የሚያደርገው እንግዳው ራሱ ነው። ምልክት የሌለው ወረቀት ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ሳይሞሉት የሚሄዱ አሉ። ይሂዱ።

የእጅ ጽሑፍም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንድ ፊደል ስትስት ደብዳቤው ወይ ተመላሽ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ሐረርን በካርታ እንኳ አይቶ ለማያውቅ ሌላ ሰው ይደርሳል። ሁለተኛው ይብሳል። ያ ሰው ምን ያድርግ? ስፓም ይላል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ ከወረቀት የተገለበጠ አድራሻ ሁሉ መጀመሪያ አንዲት አጭር ደብዳቤ ይላክለታል። እርስዎ ነዎት ወይ፣ ከሆኑ ይህን ይጫኑ የምትል። ያልተጫነው አይገባም። ደንበኛዬ በዚህ የጠፋበትን ሰው ሲቆጥር ይበሳጫል። የሚበሳጨው ግን የነበረው ሰው የሄደበት መስሎት ነው።

የሚላከውም ነገር ለተቀባዩ የሚረባ መሆን አለበት። የጁገሉ ደንበኛዬ ከሚልካቸው ውስጥ የሚወደደው ከሐረሪዎቹ በዓል፣ ከሹዋሊድ፣ በፊት የሚላከው ነው። ሹዋሊድ እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ስለ እሱ የሚጠይቁ እንግዶች አሉት። ቀኑ በጨረቃ ስለሚዞር ፈረንጅ ራሱ ማስላት ይቸግረዋል። መቼ እንደሚውል አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ሲያገኝ አይናደድም። አልጋ ሊይዝም ይችላል።

የእንቁጣጣሹ ደብዳቤ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሌላ ማረፊያ ያዘጋጀውን አሳይተውኝ ነበር። አበባ ያለበት ትልቅ ምስል፣ ላዩ ላይ በአማርኛ «መልካም አዲስ ዓመት»። ሌላ ጽሑፍ የለውም። ይህ ለአንድ አሜሪካዊ ሴፕቴምበር 11 ቀን ይደርሰዋል። ማንበብ አይችልም። ቢያስተረጉመውም የሱ አዲስ ዓመት ሊደርስ ገና አራት ወር ገደማ ይቀረዋል። ቀኑ ደግሞ ለነሱ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አጭበርባሪ ነው ቢል ምን ይደንቃል? ሰላምታው ይቅር አልልም። በሚያነበው ቋንቋ ጥቂት መስመር ጨምሩለት። አገራችን የራሷ የዘመን መቁጠሪያ እንዳላት፣ እናንተ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደተገናኛችሁ።

ማን እንደሆናችሁ ስል የንግድ ፈቃዱን ስም ማለቴ አይደለም። የሳቢያኗ ደንበኛዬ ፈቃዷ ላይ «አስመጪና ላኪ» የሚል ያለበት ረጅም ስም አላት። ዋሺንግተን ያለ ደንበኛዋ ያንን ስም በሕይወቱ ሰምቶት አያውቅም። እሷን የሚያውቃት በእናቷ ስም ነው፤ በርበሬውም የሚጠራው በእናትየው ነው። ላኪው ላይ የሚታየውን ስም ወደዚያ ቀየርነው። ርዕሱም ውስጥ ያለውን ነገር ይናገር። መልስ አስመስሎ መላክ፣ «ክፍያዎ ደርሷል» ብሎ አስደንግጦ ማስከፈት ይቅር። ሰው ይከፍተዋል፤ ከከፈተ በኋላ የሚጫነውን ግን ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ መውጫው ልምጣ። ጽሑፋችሁ ምንም ያላለው ስለሱ ነው።

ብዙ ነጋዴ ከዝርዝሩ መውጫዋን፣ «አንሰብስክራይብ» የሚሏትን፣ ይደብቃል። በደቃቅ ፊደል፣ ነጭ ላይ በግራጫ፣ ታች መጨረሻ ላይ። አንዳንዱ ጭራሽ አያስቀምጣትም። ሰው እንዳይሄድበት ነው። ግን የሰለቸው ሰው መሄዱ አይቀርም። ግንብ የዞረው ጁገል እንኳን አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በአንተ በር ከወጣ አንድ ተቀባይ አጣህ። በጎግል በር ከወጣ ስምህን አጥፍቶ ወጣ። ስለዚህ እኔ መውጫዋን በጉልህ ነው የማስቀምጣት። ከቆየ ሰው ጋር ከሆነ ደግሞ ከላይ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ። ልውጣ ብሎ ሲጫን ይለፍ ቃል መጠየቅ የለም፣ ምክንያት መጠየቅ የለም፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ መነዝነዝ የለም። በአዲሱ ደንብ በብዛት ለሚልኩት አንዴ ተጭኖ መውጣት ግዴታ ሆኗል፤ የወጣውንም ሰው በ2 ቀን ውስጥ ማስወጣት አለባቸው። እኛ ትንንሾቹስ ምን ይከለክለናል? የኢሜይል መላኪያ አገልግሎቶች ይህንን ራሳቸው ያደርጉታል። ያኔ ጂሜይል መውጫውን ከላኪው ስም አጠገብ ያወጣዋል።

እኛ አገር ግን ፈረንጆቹ የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ይሉኝታ።

የሳቢያኗ ሴት ደንበኞች ግማሾቹ ዘመድ ናቸው፤ የተቀሩት ሰፈርተኛ። ደብዳቤዋ የበዛበት ዘመድ መውጫዋን አይቶ ምን ያስባል? «ብወጣ ስሜን ታያለች። ለእናቴ ትነግራለች። በርበሬዋን ጠላህ እባላለሁ።» ስፓም ብሎ ቢጫን ግን እሷ አታውቅም። ስለዚህ የሚወዳት ሰው ነው ቀስ ብሎ የሚጎዳት። ክፋት የለበትም፤ እሷን እንዳያስቀይም ብሎ ነው።

ይህ የገባኝ አንድ ዘመዷ ለበዓል መጥቶ ሱቄ ፓስፖርቱን ፎቶ ኮፒ ሲያስደርግ ነው። እየሳቀ አጫወተኝ። ምንም ያደረገ አልመሰለውም። «እሷማ እህቴ ናት፣ እንዴት ውጣ የሚለውን እጫናለሁ?» አለኝ።

ከሷ ጋር ተቀምጠን ሁለት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ የሚወጣ ሰው ስም ወደ እሷ መምጣቱ ቀረ። እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ደብዳቤው ላይም በግልጽ ተጻፈ፤ «ብትወጡ ማን እንደወጣ አላይም፣ አልቀየምም» የሚል። ሁለተኛ፣ ሙሉ በሙሉ ከመውጣት በፊት መሀል መንገድ ተሰጠ። «ለበዓል ብቻ ላኪልኝ» የሚል ምርጫ። ለክርስቲያኑ ገናና ፋሲካ፣ ለሙስሊሙ ረመዳን ሲቃረብ። ድሬ ላይ ዘመድ ድብልቅ ስለሆነ ሁለቱንም የመረጡ አሉ። መጀመሪያ ላይ ቅር ብሏት ነበር። «ሰው ሲሄድብኝ እንዴት ዝም እላለሁ? ልደውልላቸው እንጂ!» ስትለኝ «አቦ አንቺ፣ እንዳትደውዪ!» አልኳት። ብትደውል ኖሮ ቀጣዩ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አስቡት።

በተራ ጂሜይል ለሁሉም ሰው አንድ ላይ አድርጎ የሚልክም አለ። ጂሜይል በቀን ከ500 ተቀባይ በላይ አያስኬድም። መውጫም የለውም። ሁሉንም አድራሻ እርስ በርስ በሚታይበት ቦታ ከጻፈው ደግሞ የደንበኛውን አድራሻ ለደንበኛው አደለ። የራሱ ዶሜን (የኢንተርኔት ስም) ያለው ሰው ኤስፒኤፍ፣ ዲኬአይኤምና ዲማርክ የሚባሉትን ያስገባ። ላኪው በእርግጥ አንተ መሆንህን የሚያረጋግጡ መዝገቦች ናቸው። ዶሜኑን የሚያስተዳድርልህ ባለሙያ በአንድ ከሰዓት ይጨርስልሃል፤ ከጫት በፊት ከያዝከው። እነሱ ካልገቡ የቀረው ልፋት ብዙ አይጠቅምም። ቢገቡም ግን ከሰው መሰልቸት አያድኑህም።

ሕጉንም ጽሑፋችሁ ዘሎታል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስለ አይፈለጌ መልዕክት ይናገራል። ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሰራጨት ያስቀጣል። ማስታወቂያው የላኪው ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ፣ ተቀባዩም በቀላሉ አልፈልግም የሚልበት መንገድ ካለው ግን ወንጀል አይሆንም። መውጫዋ እንግዲህ የእኔ አመል ብቻ አይደለችም። ስለ ግል መረጃ ጥበቃም አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የእንግዳ መዝገብ ያለው ሁሉ ቢያነበው ይጠቅመዋል። ውጭ ለሚልክ የተቀባዩም አገር ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የካናዳ ሕግ አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ዕቃ የገዛህ ሰው ግን ለ2 ዓመት እንደፈቀደ ይቆጠራል። የአሜሪካው ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። አስቀድሞ ፈቃድ ባይጠይቅም አሳሳች ርዕስ ይከለክላል፣ የላኪ አድራሻ ይፈልጋል፣ አልፈልግም ያለን ሰው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ አስወጣ ይላል። ቶሮንቶም ሚኒያፖሊስም ዘመድ ያለው ሰው የካናዳውን ይዞ ቢሄድ አይሳሳትም።

ደንበኞቼ በጣም የሚከራከሩኝ ዝርዝሩን ስለ ማጽዳት ነው። ዓመት ሙሉ ምንም ያላለ ሰው ለምን ይቀመጣል? አንድ የመጨረሻ ደብዳቤ ይላክለትና መልስ ከሌለ ይውጣ። «ከፍቶታል እኮ፣ ይኸው ይታያል» ይሉኛል። እሱን አትመኑ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ አፕል ሜይል ሰውየው ባያየውም ደብዳቤውን እንደተከፈተ ሊያስቆጥር ይችላል። የመለሰ፣ የተጫነ፣ ያዘዘ ሰው ነው የሚቆጠረው። የስፌት እናቶቹ ይህን ከሁሉም ቀድመው ተቀበሉኝ። «የማይገዛ ሰው ደጃፌ ላይ ምን ያደርጋል?» አሉ። ዝርዝራቸው አሁን አጭር ነው፤ ትዕዛዝ ግን ከሱ ነው የሚመጣው።

አንድ የራሳችሁም ጉዳይ አለ። የጋዜጣችሁ ኢሜይል በየሳምንቱ ይደርሰኛል። እወደዋለሁ፤ መውጣት አልፈልግም። ግን ታች ድረስ ወርጄ መውጫውን አጣሁት። ላኪውም «አድሚን» ነው የሚለው። የሚያዘጋጀው ሰው በዚያ ፈንታ የጋዜጣችሁን ስም ቢያስገባበት ጥሩ ነው። ነጋዴው ከምክራችሁ ይልቅ የምትልኩትን አይቶ ነው የሚቀዳው።

ደብዳቤዬ ከረዘመባችሁ የካናዳውንና የአሜሪካውን ቆርጣችሁ አውጡት። ስለ ይሉኝታ የጻፍኩትን ግን ተዉልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ቤት ባለቤት፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ